የደሴው ሸክላ ቤት

ደሴ ገብቶ አይጠየፍን ሳያዩ መመለስ የለም። የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ እኔም አየሁት። ልቤን ይዞ ያስቀረው ግን ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ፣ ጎብኚ የማያውቀው አሮጌ የሸክላ ቪላ ነው።

«እማማ፣ ቤቱን ማየት ይቻላል?»

«ኧረ ግባ ልጄ! ቤት በደጅ አይታይም።»

መሠረቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ድንጋይ ነው። ከዚያ በላይ በኖራ የተያያዘ ቀይ ሸክላ። ቆርቆሮው ቁልቁል ያዘነበለ ነው፤ የደሴን ክረምት የሚያውቅ ምክንያቱ ይገባዋል። ወለሉ ጣውላ ነው፣ ሥሩ ባዶ። መሠረቱ ላይ ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ለጌጥ አይደሉም። ነፋስ እያስገቡ ጣውላውን ከእርጥበት ያድናሉ። እንዲህ ያለ ብልሃት እንዴት ይረሳል?

ሰፈሩ «የጣሊያን ቤት» ይለዋል። ጣሊያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ደሴን በአውሮፕላን ደበደበ፤ ያኔ አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ። ሚያዝያ 7 ከተማዋን ያዘ። ሚያዝያ 1933 ደግሞ ለቅቆ ወጣ። የአሰብና የአስመራ መንገዶች ኮምቦልቻ ላይ የተገናኙት በዚያው ዘመን ነው፤ ቆርቆሮና ብረት በጭነት መኪና እስከ ደሴ ማምጣትም ቀለለ።

ሲደመር አምስት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ከ80 ዓመት በላይ የወሎ ሰው ኑሮ ነው፤ ቤቱም ይህንኑ ይናገራል። የሳሎኑ እሳት ማንደጃ ዛሬ የረከቦትና የስኒ ማስቀመጫ ሆኗል። የድሮው ኩሽና ጠባብ ነው፣ ምጣድ አያስጥድም። ስለዚህ ጓሮ የጭቃ ማድ ቤት ተሠርቷል። ሰፊው በረንዳ ዱዓ ሲኖር በጎረቤት ይሞላል። እኔም አቦሉን እዚያው ጠጣሁ። ለእኔ ይህ የእማማ ቤት ነው እንጂ የጣሊያን አይደለም።

ያሳዘነኝ የሰሜኑ ግድግዳ ነው። ከዓመታት በፊት በሲሚንቶ ተለስኗል። ሸክላና ኖራ የጠጡትን እርጥበት መልሰው ይተፋሉ፤ ሲሚንቶ ግን ውስጥ ያፍነዋል። ሸክላው እየተፈረፈረ ነው፣ በእጄ ስነካው ዱቄት ሆነ። ሌሎቹ ሦስቱ ግድግዳዎች ያልተነኩ ናቸው፤ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

ይህንኑ ነገርኳቸው። «አብሽር፣ ክረምቱ ይውጣ እንጂ አስፈቅፍቄ በኖራ አስለስነዋለሁ» አሉኝ። ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ካሁኑ እያጠያየቁ ነው።