የእማዬ ብርጭቆ

ዛሬ ውጭ አገር ያለችው እህቴ ደውላ «የእማዬን ድፎ ዳቦ በግራም ጻፊልኝ» አለችኝ። ሚዛን ተዋስኩ። የጣና ነፋስ ዱቄቱን እንዳይበትነው መስኮቱን ዘጋሁ።

የመጀመሪያው ብርጭቆ ዱቄት 125 ግራም መዘነ። ሁለተኛው 150! ያው ብርጭቆ፣ ያው ዱቄት።

ለካ እማዬ ሁለተኛውን ጠረጴዛው ላይ ሁለቴ መታ መታ አድርጋዋለች። ዱቄት ሲመታ አየሩ ይወጣል፣ ይጠቀጠቃል። ውሃ ቢሆን ብርጭቆው ቢመታም ባይመታም 250 ሚሊ ሊትሩ 250 ግራም ያህል ነው።

«ለምን መታሽው?» አልኳት።

«ባሕር ዳር ገበያ ስንት ዓመት ጣሳውን ነቅነቅ አድርጊልኝ ስል ኖሬ፣ እጄ ለምዶ ነው ልጄ።»

የእናቶቻችን ሙያ እጃቸው ላይ ነው ያለው። ሚዛን የሚያስፈልገው ለራቀ ልጅ ነው።

125 ብዬ ጻፍኩላት። ከሥሩ «እማዬ ግን ሁለቴ ትመታዋለች» ብዬ ጨመርኩ።