አሥር ከአሥር የሰጠሁት ተማሪ

የሕክምና ተማሪዎች በዎርዳችን የሚቆዩበት ጊዜ ሲያበቃ በምሞላው ቅጽ ላይ «ሥነ ምግባር» የሚል አንድ ረድፍ አለ፤ ለዓመታት ሰዓት አክብሮ ለመጣና ላልተጨቃጨቀ ተማሪ ሁሉ ያለ ብዙ ማሰብ ዘጠኝ ወይም አሥር እሰጥ ነበር። አሥር ከሰጠኋቸው አንዱ፣ ሌሊት ተረኛ ሳለ ያልለካውን የደም ግፊት እንደለካ አድርጎ ካርድ ላይ መጻፉን ከነርሷ የሰማሁት ውጤቱ ከተላከ በኋላ ነው። እርሷ አይታለች፤ የታማሚው አስታማሚም አይታለች፤ ቅጹን ስሞላ ግን ሁለቱንም አልጠየቅኋቸውም።

ነገሩ የአንድ ሌሊት ስንፍና ብቻ ተደርጎ የሚታለፍ አይደለም። ተመራማሪዋ ማክሲን ፓፓዳኪስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሦስት የአሜሪካ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ተመርቀው በኋላ በፈቃድ ሰጪ ቦርዶች የተቀጡ 235 ሐኪሞችን ካልተቀጡ 469 ሐኪሞች ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በተማሪነት ዘመን የተመዘገበ የሥነ ምግባር ጉድለት በኋላ ከመጣው ቅጣት ጋር ጎልቶ ተያይዞ አገኙት፤ ከሁሉ ይበልጥ የተያያዙትም ከባድ ኃላፊነት የጎደለው አድራጎትና ተነግሮ አለመታረም ናቸው።

በአገራችንም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራት ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ነበር። ነገር ግን ርኅራኄን በቆይታው ማብቂያ በአንድ ቁጥር መለካት አይቻልም። አሁን በየሳምንቱ የማየውን በአጭሩ እጽፋለሁ፤ «ትሑት ነው» ብዬ ሳይሆን «ከመመርመሩ በፊት ስሙን ተናገረ፣ መጋረጃውን ሳበ፣ የማያውቀውን አላውቅም አለ» ብዬ። ነርሶችንም እጠይቃለሁ፤ ተማሪው እኔ በሌለሁበት ምን እንደሚያደርግ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ያየሁትን ለተማሪው የምነግረው በዚያው ቀን፣ ለብቻው ነው፤ በራውንድ፣ ማለትም በየአልጋው እየዞርን ታማሚዎችን በምናይበት ሰዓት፣ ሰው ፊት የተዋረደ ተማሪ ስሕተቱን መደበቅን እንጂ ማረምን አይማርም።

ከሁሉ የከበደኝ የራሴ ጠባይ ነው። በአንድ ጠዋት ራውንድ አንዲት ታማሚ እናትን እግዜር ይማርዎ ሳልል፣ በአልጋዋ ራስጌ ቆሜ ስለ በሽታዋ በእንግሊዝኛ ሳብራራ፣ ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ይዘው የሚጽፉት እኔ የምናገረውን ነበር፤ የሚማሩት ግን አቋቋሜንም ጭምር ነበር። በማግስቱ እዚያው አልጋ አጠገብ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ተማሪዎቹም ቆመው ሰሙ።