ተኩስ ያልነበረበት ውትድርናዬ

ወታደር ነበርኩ ስል ሰው የሚጠይቀኝ ነገር አንድ ነው። «የት ተዋጋህ?» የትም። ይሄን ስመልስ አንዳንዱ የዋሸሁ ይመስለዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ያዝንልኛል፣ ምኑ እንዳሳዘነው እንጃ። ባለፈው የእህቴ ልጅ እንደዚሁ ጠየቀኝና መልሴን ሲሰማ «ታዲያ ጋሼ፣ ምን ስትሠሩ ነበር የከረማችሁት?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በአፍ ስጀምረው ስልኩን ማየት ጀመረ፣ ስለዚህ ልጻፈው።

ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ መጋላ አካባቢ። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው። ዕድሜህ ከ18 እስከ 30 ከሆነ ይመለከትሃል። ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት፣ ከዚያ እስከ 50 ዓመትህ ተጠባባቂ። ወረቀቱ ላይ ይሄው ነው። ሰፈር ውስጥ ግን ሌላ ነበር። አፈሳ አለ ከተባለ ጎረምሳ ሁሉ ይጠፋል። አንዳንዱ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ፣ አንዳንዱ ሐረር አክስቱ ጋ ሄዶ ተደበቀ፣ ሐረርም ያው አፈሳ አለ እኮ። እኔ 12ኛ ክፍል ጨርሼ፣ የማትሪክ ውጤቴ የትም የማያስገባ ሆኖ፣ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። በ1978 ስሜ ከቀበሌ መጣ። እማዬ ሐረር ሂድ አለችኝ። እኔ ግን መደበቁ ራሱ ሰለቸኝና ሄጄ ስሜን አስጠራሁ። ጀግንነት አይደለም። በዚያ ሙቀት ቆጥ ላይ ተሸሽጎ መዋል ምን እንደሚመስል የድሬ ሰው ያውቀዋል።

ሥልጠናው ሁርሶ ነበር። ሌላው ልጅ ከጎጃም፣ ከከምባታ፣ ከጋሞ ስንት ቀን ተጉዞ ሲመጣ እኔ ከቤቴ ቅርብ ነኝ፣ እዚያው የባቡሩ መስመር ላይ። ዕድለኛ ትባላለህ። ግን ባቡሩ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሁርሶን ሲያልፍ ፉጨቱ ይሰማል፣ ትንሽ ቆይቶ ለገሃር እንደሚገባ ታውቃለህ፣ ለገሃር ስትወርድ ሰምቡሳ የምትሸጠው ሴትዮ የት እንደምትቀመጥ ሁሉ ታውቃለህ፣ አንተ ግን አቧራ ውስጥ በክርንህ እየተሳብክ ነው። ከሩቅ የመጡት ልጆች ፉጨቱን ሰዓት ለማወቂያ ነበር የሚጠቀሙበት።

ከጎኔ የሚሰለፍ አንድ የጋሞ ልጅ ነበረ። አማርኛ አይችልም። «ቀኝ ኋላ ዙር!» ሲባል የሚያየው የእኔን ትከሻ ነው። እኔም ስለገባኝ ከመዞሬ በፊት ትከሻዬን ነካ አደርጋታለሁ፣ እሱ እሷን ይዞ ይዞራል። አሥር አለቃው ለብዙ ጊዜ ምንም አላወቀም። አንድ ጊዜ ታምሜ ክሊኒክ ስተኛ ልጁ ብቻውን ቀረና ሰልፉ ወደ ቀኝ ሲዞር እሱ ወደ ግራ። ሜዳውን ሙሉ እንደ እንቁራሪት ሲያዘልሉት ዋሉ። ማታ መጥቶ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠና ይህችን በምታህል አማርኛው «አንተ፣ ሁለተኛ፣ አትታመም» አለኝ። ሥልጠናው ሲያልቅ አማርኛው ከእኔ የተሻለ ነበር፣ ስድቡ በተለይ።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም። ኮቾሮን፣ ያንን ደረቅ የወታደር ብስኩት፣ የበላ ያውቀዋል። ሻይ ውስጥ ነክረህ ካላቆየኸው ጥርስህን ይዞ ይሄዳል።

ከዚያ ወደ ምሥራቅ ተመደብኩ፣ ጅጅጋ አጠገብ፣ ካራማራ። ከሐረር በባቢሌ አድርገህ ስትሄድ ጅጅጋ ሜዳው ላይ ከመውረድህ በፊት የምታቋርጠው ተራራ ነው። እኛ በደረስንበት ጊዜ የሶማሊያ ጦርነት ካለቀ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ካራማራ ከሶማሊያ ጦር ነጻ የወጣው የካቲት 26 ቀን 1970 ነው፣ እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። የተቃጠሉት ታንኮች ግን አልተነሱም። አንደኛው ከካምፓችን በታች መድፉን ወደ መሬት ደፍቶ ቆሞ ነበር። ሰንሰለቱ የለም፣ ማን እንደወሰደው አይታወቅም። ቀትር ላይ የሶማሌ እረኞች ፍየሎቻቸውን ጥላው ሥር ያስገባሉ። ልጆቹ ላዩ ላይ ወጥተው ይንሸራተቱበታል፣ ሱሪያቸው ዝገት በዝገት ይሆናል። እኔ ጦርነትን በቅርብ ያየሁት ያን ያህል ነው።

ታዲያ ምን ስንሠራ ነበር? ምሽግ እንቆፍራለን። ዝናብ ይደረምሰዋል። እንደገና እንቆፍራለን። ውኃ የሚያመጣውን ቦቴ እንጠብቃለን፣ ከዘገየ ሙሉ ቀን ስለ ቦቴው እናወራለን። ካድሬው መጥቶ ስለ ዓለም አቀፍ ኢምፔሪያሊዝም ያስተምረናል፣ ግማሹ ዓይኑን ገልጦ ይተኛል፣ ይሄም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ትልቅ አለቃ ሊጎበኘን ነው ሲባል ደግሞ መንገዱ ዳር ያለውን ድንጋይ በሙሉ ኖራ እንቀባለን። አለቃው ሳይመጣ ይቀራል። ኖራውን ዝናብ ያጥበዋል። ሌላ ጉብኝት አለ ይባላል። ሌሊት ጥበቃ ላይ ትቆማለህ። የካራማራ ብርድ ለድሬ ልጅ ቅጣት ነው፣ ካፖርት ደርበህም ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል። ጅቡ ይጮሃል፣ ሩቅ አንድ መብራት ታያለህ፣ መኪና ይሁን ኮከብ ሳይለይልህ ይነጋል። ሰላም ላይ ያለ ሠራዊት ሥራው ይሄ ነው። ማንም ስለማይመጣ ደስ ይልሃል፣ ማንም ስለማይመጣ ደግሞ ልትፈነዳ ትደርሳለህ።

የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለነበረ ጽሕፈት ቤት አስገቡኝ፣ ታይፕም እዚያው ተማርኩ። ከዚያ ወዲህ የጓድ ሁሉ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆንኩ። መጻፍ የማይችለው ይመጣል፣ የሚችለውም ይመጣል፣ «ያንተ ያምራል» እያለ። መግቢያው ለሁሉም አንድ ነው። «ከናንተ ናፍቆት በስተቀር እኔ በጣም ደህና ነኝ።» ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ምን ይጻፍ? ድንጋይ ቀባን ተብሎ ለእናት አይጻፍም። አንድ የጎጃም ልጅ ነበረ፣ ፊቱ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለው። ሁልጊዜ ሲጋራ ይዞልኝ ይመጣል፣ ኒያላ፣ ለጽሕፈቱ ዋጋ መሆኑ ነው። መግቢያውን ጽፌ «ቀጥል» ስለው ዝም ይላል። ከዚያ «ዳልቻን ጠይቅልኝ» ይላል።

«ዳልቻ ማን ነው?»

«በሬ ነው።»

ዳልቻን እንጠይቃለን። ከዚያ ጉራቻን። ከዚያ የጎረቤቱን በሬ፣ ምክንያቱም ከዳልቻ ጋር ተቀናጅቶ የሚያርስ እሱ ነው። የሰው ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ደብዳቤው ሁለት ገጽ ይሞላል፣ ያለ ማጋነን አንዱ ገጽ ስለ ከብት ነው። መልሱ ሲመጣ ደግሞ እኔ ነኝ የማነብለት። አባቱ በሰው እጅ እያስጻፈ ለእያንዳንዱ በሬ ለየብቻ መልስ ይሰጣል። ልጁ እያዳመጠ ራሱን ይነቀንቃል፣ አንዳንዴ «እንደዚያ መሆኑን አውቄ ነበር» ይላል።

መጋቢት 1980 ሁሉም ነገር ተገለባበጠ። በአንድ ወር ውስጥ ሰሜን ላይ፣ ኤርትራ ውስጥ፣ አፋቤት በሻዕቢያ እጅ ወደቀች፣ በዚህ በኩል ደግሞ መንግሥት ከሶማሊያ ጋር ስምምነት ተፈራረመ። እኛ ዘንድ ስምምነቱ ሲሰማ የጨፈረ ነበር፣ ወደ ቤት ልንሄድ ነው ብሎ። የሰላሙ ትርጉም ግን ምሥራቅ ያለው ጦር ለሰሜን ይፈለጋል ማለት ነበር። ካሚዮኖቹ መጡ። ልጆቹ ተጫኑ። የጋሞው ልጅም፣ የዳልቻም ጌታ። እኔ ንብረት ቆጥሬ እንዳስረክብ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቀረሁ። ታይፕ ስለቻልኩ ብቻ። አንዳንድ ሰው ይሄን እግዚአብሔር ነው ይለኛል፣ እኔ አፌን ሞልቼ እንዲህ ማለት ይከብደኛል፣ ለሌሎቹስ እግዚአብሔር አልነበራቸውም?

ደብዳቤው መምጣቱን አላቆመም። ወላጅ የት ያውቃል። ከጎጃም የመጣውን አንዱን፣ ሳልከፍት፣ በአዲሱ የጦሩ አድራሻ መልሼ ላክሁት። ደረሰም አልደረሰ፣ ከዚያ በኋላ የሰማሁት ነገር የለም።

በ1981 መልቀቂያዬን ይዤ ድሬ ገባሁ። ሲቪል መሆን ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ንጋት ላይ በ11 ሰዓት እነሳና የምሰለፍበት የለም። ምግብ ሲቀርብልኝ ሳላኝክ ነው የምውጠው፣ እማዬ «ማን ያሳድድሃል ልጄ?» ትላለች። አንሶላዬን አራት ማዕዘን አጥፌ ስወጣ እህቴ ሆን ብላ ታበላሸዋለች። ሥራ ያገኘሁት ግን በውትድርናው ነው። አንድ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ሰው ይፈልግ ነበር። ሞዴል 19 ምን እንደሆነ፣ ሞዴል 22 ምን እንደሆነ፣ የገባና የወጣ ንብረት እንዴት እንደሚመዘገብ ካራማራ ላይ ድንኳንና አካፋ ስቆጥር ተምሬዋለሁ። እዚያው መጋዘን ውስጥ አረጀሁ። ደሞዙ ይሄን ያህል አይደለም፣ ጥላ ግን አለው፣ በድሬ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ እማዬ የመልቀቂያ ወረቀቴንና በካኪ የተነሳሁትን ፎቶ አንድ ላይ ከሰል ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው። ከሥራ ስመለስ አመዱን አሳየችኝ። አልተቆጣኋትም። ካኪያቸውን እንደለበሱ በየመንገዱ የሚለምኑ ልጆች በነበሩበት ሰሞን «የደርግ ወታደር» ተብሎ መጠራት የሚፈልግ ማንም አልነበረም። አፍሰው የወሰዱት ልጅና ወዶ የገባው፣ ሁሉም በአንድ ስም ነበር የሚጠራው። አሁን ጡረታዬ ሲቃረብ ያ ጊዜ ይቆጠርልኝ እንደሆነ ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። ልጅቷ ትሑት ናት። «አባቴ፣ ማስረጃ ያምጡ» አለችኝ። ተቃጥሏል ብል የሚገባት አልመሰለኝም፣ እሺ ብዬ ወጣሁ።

ሰው በግድ ከቤቱ መውሰድ ትክክል አልነበረም፣ ይሄን ዛሬም ነገም እላለሁ። ግን ስለ ካራማራ ሳወራ ፊቴ ላይ ፈገግታ እንደሚመጣ ሌላ ሰው ነግሮኛል። የነገረኝ የሰፈሬ ልጅ ነው። በአንድ ዙር ነው የተጠራነው። እሱን ወደ አስመራ በኩል ላኩት። በ1983 በሱዳን አድርጎ ተመለሰ፣ ግራ እግሩ እንደ ድሮው አይደለም። አሁን አሸዋ ገበያ አካባቢ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ እንገናኛለን፣ እኔ ስለ ቦቴው፣ ስለ ኖራው፣ ስለ በሬው አወራለሁ፣ እሱ ስለዚያ ጊዜ ምንም አይናገርም። አንድም ቀን። የእህቴ ልጅ እሱን የት ተዋጋህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም፣ ምክንያቱም ወታደር የነበረ መሆኑን አያውቅም። ጓደኛዬ ግን እኔን ሲያዳምጥ ቆይቶ «ዋሪያ፣ አንተማ ሽርሽር ነበር የሄድከው» ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። አሁን ሰዓቱን ጠብቄ ራሴ እልለታለሁ።

በቀደም ዕለት ድንገት ካራማራን ማየት እፈልጋለሁ አለ። ዕቃ ጭኖ ጅጅጋ የሚመላለስ ደንበኛ አለው። ለየካቲት 26 በዓል እንሂድ ብሎኛል፣ እግሩ ለዳገቱ ይቻል እንደሆነ እንጃ፣ ካልሆነ መንገዱ ዳር ሆነን እናያለን። ታንኩ አሁንም እዚያው መሆን አለመሆኑን ጠየቀኝ። ብዙ ዓመት ስላላለፍኩበት አላውቅም አልኩት። ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ የሚገዛው ማን ነው በሚለው ግን እስካሁን አልተስማማንም፣ እሱ «ሽርሽር የለመድከው አንተ ነህ፣ አንተ ክፈል» እያለ ነው።