ያልከፈትነው ካርቶን

መደብር ውስጥ ማንም ወዶ የማይመደብበት ቦታ ቢኖር የተመላሽ ዕቃ መስኮት ነው። ሽያጭ ላይ ያሉት ደንበኛውን የሚያገኙት ፊቱ በርቶ ነው። እኛ ጋ የሚመጣው ሲከፋው ነው። ዕቃው አልሠራ ብሎታል፣ ልኩ አልሆነም፣ ወይም ቤቱ ገብቶ ደግሞ ሲያየው አስጠልቶታል። በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ደረሰኝ አልያዘም።

«ደረሰኝ ይዘዋል?» ስንል የምንሰማው መልስ ያው ነው። ጣልኩት። ከሱሪዬ ጋር ታጠበ። ባለቤቴ ጋ ነው። ስጦታ ስለሆነ የለኝም። አብዛኛው እውነት ነው። ጣጣው፣ የሚዋሸውም ሰው የሚለው ይህንኑ መሆኑ ነው።

ለነገሩ ደረሰኝ ራሱ ብዙም የሚታመን ነገር አይደለም። አብዛኛው በቀለም የታተመ አይደለም። ወረቀቱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ኬሚካል የተቀባ ነው፤ ማሽኑ ፊደሎቹን የሚያወጣቸው በሙቀት ነው። ስለዚህ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ከከረመ ይደበዝዛል። የላስቲክ ኪስ ውስጥ ሲቆይም ጽሑፉ እየጠፋ ይሄዳል። ነጭ ወረቀት ዘርግቶ «ይኸው ደረሰኙ» የሚል ሰው ስታዩ አትሳቁበት፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ውድ ዕቃ ከገዛችሁ የዚያኑ ቀን ደረሰኙን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

የእኛ ደንብ እንዲህ ይላል። ደረሰኝ ካለ ገንዘቡ በተከፈለበት መንገድ ይመለሳል። ከሌለ በተከፈለበት ካርድ ወይም በደንበኛው ስልክ ቁጥር ሲስተሙ ላይ እንፈልጋለን። ከተገኘ ደረሰኝ እንዳለ ይቆጠራል። ካልተገኘ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ የለም። ዕቃው በቅርብ ጊዜ በተሸጠበት ዝቅተኛ ዋጋ ልክ ቫውቸር፣ ማለትም በገንዘብ ፈንታ እኛው ጋ ዕቃ የሚገዛበት ወረቀት፣ ይሰጣል።

በዚህ በመጨረሻው ብዙ ተሰድበናል። ምክንያት ግን አለው። በግማሽ ዋጋ ቅናሽ የገዛውን ዕቃ ቅናሹ ሲያልቅ በሙሉ ዋጋ ሊመልስ የሚመጣ ሰው አለ። ከመደርደሪያ አንስቶ ሳይከፍል በቀጥታ ወደ እኛ መስኮት የሚመጣም አለ። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ጥሬ ገንዘብ መስጠት ማለት የሰረቀውን ዕቃ ራሳችን ገዛነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ገጠመኙ ልግባ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው የሚመስሉ ሰው የእንፋሎት ካውያ ካርቶን በሁለት እጃቸው አቅፈው ከአጠገቤ ካለው መስኮት ደረሱ።

«ልጄ፣ አሮጌ ዕቃ ነው የሸጣችሁልኝ» አሉ።

ባልደረባዬ ካርቶኑን ከፍታ ካውያውን አወጣችው። አሮጌ የሚለው ቃል ያንሰዋል። ከታች ያለው ብረት ላይ የተቃጠለ ጨርቅ ቡናማ ሆኖ ተጋግሯል። ገመዱ መሰኪያው ጋ ተሰንጥቆ ውስጡ ያለው ሽቦ ይታያል። የውኃ መያዣው ውስጥ ውኃ ተንኖ የሚተወው ነጭ ቅሪት ወፍራም ሆኖ ተለጥፏል። ይህ በዓመታት የሚመጣ ነገር ነው።

የባልደረባዬ ፊት ወዲያው ተለወጠ። በእኛ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። አዲስ ዕቃ ይገዛል፤ አዲሱ ቤት ይቀራል፤ የተበላሸው አሮጌ በአዲሱ ካርቶን ተሽጎ ይመለሳል። ሱፐርቫይዘራችንን ጠራችው። እሱ ደግሞ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ እንደ ሥራ መመሪያ የሚያድል ሰው ነው። ካውያውን ገና ሲያየው ፈረደ።

«አባቴ፣ ይቺን ጨዋታ እናውቃታለን» አለ፤ ድምፁንም አልቀነሰም።

ሰልፉ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። አንዲት ሴትዮ «በዚህ ዕድሜ!» ስትል ሰማኋት። ሰውዬው መጀመሪያ የተባለው አልገባቸውም። ሲገባቸው ካርቶኑን ለቀቁትና ባንኮኒውን ያዙ።

«ሌባ ነህ ነው የምትለኝ?»

«ደረሰኝ አለዎት?»

«የለኝም። በካርድ ነው የከፈልኩት።»

ደንቡ የሚለው እዚህ ላይ ካርዱን ተቀብሎ መፈለግ ነው። ማንም አልፈለገም። ካውያው አስቀድሞ መስክሮባቸዋል፤ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያስፈልጋል?

ካርዱን የጠየቀቻቸው ሌላዋ ባልደረባችን ናት። ብዙ አታወራም፤ የመጋዘን ቆጠራ ላይ ስትሠራ የቆየች ልጅ ነች። ፈለገችና ግዢውን አገኘችው። ከዘጠኝ ቀን በፊት አንድ የእንፋሎት ካውያ ገዝተዋል።

«መግዛታቸውን ማን ካደ?» አለ ሱፐርቫይዘሩ። «አዲሱን ቤት አስቀምጠውት ነው።»

እውነቱን ነው፤ አነጋገሩን እንጂ ሐሳቡን ልነቅፍ አልችልም። የግዢው መዝገብ ካውያ መግዛታቸውን እንጂ የትኛውን ካውያ እንደወሰዱ አይናገርም። ልጅቷ መልስ አልሰጠችውም። ካውያውን ገልብጣ የታተመበትን መለያ ቁጥር አነበበች። ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ሱፐርቫይዘሩ «ይኸው!» አለ። እሷ ግን የካርቶኑን ቁጥር ሲስተሙ ላይ አስገባችው። የኤሌክትሪክ ዕቃ ስንሸጥም ስንመልስም መለያ ቁጥሩን እንመዘግባለን፤ የምናነበው ግን ከካርቶኑ ላይ ነው።

ያ ካርቶን ሁለት ጊዜ ተሽጧል።

መጀመሪያ ከወራት በፊት ለማይታወቅ ሰው በጥሬ ገንዘብ ተሸጠ። ከዚያ ያለ ደረሰኝ ተመለሰ፤ ቫውቸር ተሰጠበት። የተመላሽ ቅጹ ላይ «ማሸጊያው ያልተከፈተ» ተብሎ ተጽፏል። እንደ አዲስ መደርደሪያ ላይ ወጣና ለእኚህ ሰው ተሸጠ። ልጅቷ የካርቶኑን አፍ በጥፍሯ ቧጠጠችው። ከላይ ያለው ግልጽ ፕላስተር ተነሳ። ከሥሩ የፋብሪካው ስም የታተመበት ሌላ ፕላስተር አለ። መሃሉ ላይ በስለት ተቀዷል።

ልብ በሉ፣ ይህም ቢሆን ሰውዬው ንጹሕ መሆናቸውን መቶ በመቶ አያረጋግጥም። ሱፐርቫይዘሩ ክርክሩን ልቀጥል ቢል ይችል ነበር። ግን በምን አፉ? ካርቶኑን ስንቀበል አልከፈትነውም፤ ስንሸጥም አልከፈትነውም። ምን እንደሸጥንላቸው ራሳችን አናውቅም። የማናውቀውን ነገር ቀይረህ አመጣህ ብሎ ሰውን መክሰስ አይቻልም።

ይቅርታ ጠየቃቸው። አዲስ ካውያ ወይም ገንዘባቸውን እንዲመርጡ ነገራቸው። ሰውዬው የመረጡት ሌላ ነገር ነው።

«ቅድም ለነዚያ ሰዎች የተናገርከውን አሁንም ለነሱ ንገርልኝ» አሉት።

ዞር ብለን አየን። ሰልፉ ተቀይሯል። የሳቁት ጉዳያቸውን ጨርሰው ሄደዋል፤ ሴትዮዋም የለችም። እስከ ዛሬ የሆነ ቦታ አንድ ሽማግሌ ካውያ ሲያጭበረብር ተያዘ ብለው የሚያወሩ ሰዎች ይኖራሉ። ያንን ደግሞ በቫውቸር መመለስ አይቻልም። በመጨረሻ ገንዘባቸው በካርዳቸው ተመለሰላቸው። ከመሄዳቸው በፊት «ለዚህኛው ደረሰኝ ስጡኝ» አሉ። ሰጠናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰውዬው ደረሰኝ የላቸውም ብለን ልክ ውለታ እንደምንውልላቸው ስንነጋገር ነበር። ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ዕቃው ደህና ሆኖ ሐሳቤን ቀየርኩ የሚል ሰው አለ፤ ሱቅ ገብቶ አይቶ ለገዛው ዕቃ ይህ በብዙ አገር የነጋዴው በጎ ፈቃድ ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ ግን የሕግ ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለምሳሌ በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ ያለ ምክንያት ለመመለስ 14 ቀን ይሰጣል። ለጉድለት ደግሞ ሻጩ ቢያንስ ለ2 ዓመት ተጠያቂ ነው። በብሪታንያም በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ጉድለት ላለበት ዕቃ ገንዘብ የማስመለሻ 30 ቀን አለው። መግዛትህን ለማሳየት ደግሞ የባንክ መግለጫም ሊበቃ ይችላል፤ የግድ ያቺ ቁራጭ ወረቀት አይደለችም።

ከዚያ ቀን በኋላ ዕረፍት ክፍል ውስጥ የተወራው ሁሉ ስለዚያ የመጀመሪያው ተመላሽ ነበር። ማን ነው የመለሰው? ቫውቸሩ ላይ ስም አለ። አንዲት ሁላችንም የምናውቃት ደንበኛ ናት። ስትመጣ በየስማችን ትጠራናለች። ካርቶኑን የተቀበለችው ልጅ ለምን እንዳልከፈተችው ስትጠየቅ «እሷን አላምንሽም ልበላት?» አለች። በመልክ ማመን እንዲህ ነው የሚሠራው። አንዷን ስለምናውቃት አልከፈትንባትም። ሌላውን ስለማናውቃቸው በሰው ፊት አዋረድናቸው።

ግማሾቹ ተደውሎላት ትጠየቅ አሉ። ግማሾቹ ደግሞ ስሟ ሲስተሙ ላይ ይታገድ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም እምቢ አለ፤ እኔም በዚህ ከሱ ጋር ነኝ። እሷስ ስጦታ ተቀብላ ቢሆን? እሷስ ከሌላ ሰው የታሸገ መስሏት ገዝታ ቢሆን? በጥሬ ገንዘብ ከገዛው ሰው እስከ እሷ ድረስ ያለውን መንገድ የሚያሳይ አንድም ወረቀት የለም። ደረሰኝ ስንጠይቅ ሰው የሚቀየመው እኛን ለመጠበቅ የምንጠይቅ ስለሚመስለው ነው። እዚህ ጋ ግን ደረሰኝ ቢኖር ኖሮ ወይ ነጻ ያወጣታል ወይ ያጋልጣታል። አሁን በሁለቱ መሃል ተንጠልጥላ ቀረች፤ እሷ ይህን ሳታውቅ።

መስኮቱ ላይ በብዛት የምሰማው ክርክር «ድርጅቱ ሀብታም ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚለው ነው። ለአንድ ምሽት ድግስ ቀሚስ ገዝታ፣ የዋጋ ወረቀቱን ወደ ውስጥ አጥፋ ለብሳ፣ በማግስቱ ሽቶው ሳይለቅ የምትመልስ ሰው ይህን ትላለች። መሬት ላይ የወደቀ ደረሰኝ አንስቶ በዚያ ልክ ዕቃ ከመደርደሪያ የሚያወርድም ይህን ይላል። ድርጅቱ እውነትም አይከስርም ይሆናል። ካውያውን የቀየረው ሰው ግን የዘረፈው ድርጅቱን ብቻ ነው? ገንዘቡን ከእኛ ወሰደ፤ ውርደቱን ለማያውቃቸው ሽማግሌ አወረሰ። ያቺ ቀሚስም ተመልሳ ትሰቀላለች። ቀጥላ የምትገዛት ሴት ባዳ ሽቶ እየሸተታት ትለብሳለች፤ ልመልስ ብትል ደግሞ «ለብሰሽዋል» የምትባለው እሷ ናት።

ባልደረቦቼ አይቀየሙኝና ከመስኮቱ ወዲህም ንጹሕ ነን ማለቴ አይደለም። ያለ ደረሰኝ ተመላሽ ለሠራተኛም ፈተና ነው። ያልተመለሰ ዕቃ ተመለሰ ብሎ መዝግቦ ቫውቸሩን ኪሱ የሚከት ካሸር በዚህ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም። የሱፐርቫይዘር ፊርማ የሚጠየቀው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ደንበኛው ሲቆም የሚናደድበት ያ ፊርማ የሚጠብቀው እኛን ነው።

አሁን አሠራሩ ተለውጧል። የሚመለስ ማንኛውም ካርቶን ደንበኛው ፊት ይከፈታል፣ የታሸገም ቢሆን። የዕቃው ቁጥር ከካርቶኑ ቁጥር ጋር ይመሳከራል። ተከፍቶ የተመለሰ ዕቃ እንደ አዲስ አይሸጥም፤ ተፈትሾ፣ መከፈቱ ተጽፎበት፣ በቅናሽ ይሸጣል። ጥርጣሬ ካለ ደንበኛው ወደ ጎን ክፍል ይጋበዛል እንጂ ሰልፍ ፊት አይጠየቅም። ሰልፉ በዚህ ምክንያት ረዝሟል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስድቡም ጨምሯል። ሱፐርቫይዘራችን ተረቱን አልተወም። ካርድ ሳይጠይቅ ግን አይተርትም።

ያቺ ደንበኛችን በቅርቡ መጥታ ነበር፤ የፀጉር ማድረቂያ ይዛ፣ እንደ ልማዷ ያለ ደረሰኝ። ያቺው የመጀመሪያውን ካርቶን ሳትከፍት የተቀበለችው ልጅ ናት ያስተናገደቻት። ማሸጊያውን ስትቀድ ሴትዮዋ ቅር አላት። «እኔንም?» አለች። ልጅቷ «ሁሉንም ነው እህቴ» ብላ ቁጥሮቹን አመሳከረች። ገጠሙ፤ ቫውቸሯን ወስዳ ሄደች።