ለልጄ የሠራኋት ትንሽ የእንጨት ቤት

ከዚህ በፊት መጋዝ ይዤ የማላውቅ ሰው፣ ልጄ በጓሮ የምትጫወትባትን ትንሽ የእንጨት ቤት ለመሥራት ስነሣ ከሁሉ የከበደኝ መቁረጡ ሳይሆን ማዕዘኑን ማስተካከል ነበር። የመጀመሪያው የወለል ክፈፍ ለዓይን የተስተካከለ ቢመስልም፣ ከጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሜትር ስለካው አንዱ ከሌላው በ3 ሴንቲ ሜትር በልጦ ስለተገኘ አፍርሼ እንደገና ገጠምኩት። በዚህ ጊዜ ከማዕዘኑ በአንዱ ጎን 60፣ በሌላው 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጌ፣ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 እስኪሆን ድረስ እንጨቱን በጥቂት በጥቂቱ አንቀሳቀስኩ፤ ያን ጊዜ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ ሆነ።

እግሮቹን የአፈሩ እርጥበት እንዳያበሰብሳቸው በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አሳረፍኳቸው። ጣውላው ጫፉ ላይ እንዳይሰነጠቅም ብሎን ከማስገባቴ አስቀድሜ በቀጭኑ በሳሁት።

የበረንዳውን መከለያ ዘንጎች ግን ደጋግሜ ለካሁ። ክፍተቱ ከ9 ሴንቲ ሜትር ከሰፋ የሕፃን ሰውነት አልፎ ጭንቅላቱ ሊቀረቀር ስለሚችል፣ በዚህ ላይ ቸልተኝነት ፈጽሞ አይገባም ባይ ነኝ። በመጨረሻ የመስኮቱን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ልጄም መዳፏን ከዳር እስከ ዳር አሳልፋበት ስንጥር እንዳልወጋት ካረጋገጠች በኋላ አሻንጉሊቷን ይዛ ገባች።