ጎረቤቴ የሚናፍቁት ፉቲ

ጎረቤቴ ሰባን የተሻገሩ የሜልበርን ሰው ናቸው። የፉቲ፣ ማለትም የአውስትራሊያው እግር ኳስ፣ ወቅት በገባ ቁጥር ያማርራሉ። ዳኛው በሆነ ባልሆነው ፊሽካ ይነፋል፣ ተጫዋቹን እንደ እንቁላል ነው የሚይዙት፣ ወንድ ከወንድ መጋጨቱ ቀረ ይላሉ። ማስረጃቸው ሁሌም እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የዋንጫ ጨዋታ ነው፤ ሆውቶርን ከጂሎንግ።

ትናንት ማታ ሙሉውን አብረን አየነው። ጨዋታውን ለማያውቅ፦ በየወገኑ 18 ሰው ሜዳ ይገባል፣ ኳሷ ሞላላ ናት፣ በእጅም በእግርም ትሄዳለች፣ ጎል 6 ነጥብ ያስገኛል። ዳኛው ኳሷን መሬት ላይ አንጥሮ ሲያስጀምር የጂሎንጉ ማርክ ዬትስ ዞር ብሎም አላያትም። በቀጥታ ሮጦ ደርሞት ብሬርተን ላይ ገባበት። ብሬርተን ተዘረረ። የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል፣ ኩላሊቱም ተጎድቷል። ሜዳው ላይ አስመለሰው። ውጣ ቢባል እምቢ አለ። እየተንገዳገደ ወደ ጎሉ ተጠጋ፣ ብዙም ሳይቆይ ኳስ ይዞ አገባ። ጎረቤቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። እኔም አላስቻለኝም፣ ተነሳሁ።

የሆውቶርኑ ሮበርት ዲፒየርዶሜኒኮ ሳንባው ተበስቶ ጨዋታውን ጨረሰ። ጋሪ አብሌት ለጂሎንግ ብቻውን 9 ጎል አገባ። ሆውቶርን 144 ለ138 አሸነፈ።

የአሸናፊዎቹ አምበል ማይክል ተክ ነበር። ሚስቱ የአብሌት እህት ናት። ልጃቸው ሼንም አድጎ ለሪችመንድ ተጫወተ። በ2020 በ38 ዓመቱ ሞተ። አንጎሉ ሲመረመር ሲቲኢ የሚባለው፣ ጭንቅላት ደጋግሞ ሲመታ የሚመጣው በሽታ ክፉኛ ጎድቶት ተገኘ። እርግጥ ሼን የተጫወተው በኋለኛው ዘመን ነው፣ ቦክስም ነካክቷል። ግን በዚያው በድሮው ዘመን ለሴንት ኪልዳ የተጫወተው ዳኒ ፍሮውሊም ከሞተ በኋላ ይኸው በሽታ ተገኝቶበታል። ዛሬ ጭንቅላቱ ተመትቶ አንጎሉ የተናወጠ ተጫዋች እስከ 12ኛው ቀን ድረስ አይሰለፍም። ጎረቤቴ ይበዛል ይላሉ። እኔ እንዲያውም ያንሳል ባይ ነኝ።

የድሮው ሻካራነት ደግሞ ሜዳው ላይ ብቻ አልነበረም። በ1993 ሚያዝያ፣ ኮሊንግዉድ ሜዳ ቪክቶሪያ ፓርክ ላይ፣ የአገሬው ተወላጅ የሆነው የሴንት ኪልዳው ኒኪ ዊንማር ቀኑን ሙሉ በኮሊንግዉድ ደጋፊዎች በዘሩ ሲሰደብ ዋለ። ቡድኑ ሲያሸንፍ ማልያውን ገልቦ በጣቱ ቆዳውን አሳያቸው። ተጫዋች ተጫዋችን በዘሩ እንዳይሰድብ ሕግ የወጣው ገና በ1995 ነው፣ ያውም ሌላው የአገሬው ተወላጅ ተጫዋች ማይክል ሎንግ አቤት ብሎ። ጥቁር ነኝና፣ ያ ዘመን ይመለስ ሲሉኝ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ጣት ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። እሳቸውም ያኔ የሚባለውን በጆሯቸው ሰምተዋልና አልተከራከሩኝም።

አንዱ ናፍቆታቸው ግን ይገባኛል። ያኔ ክለቡ የሰፈር ነበር። ሰው ከቤቱ በእግሩ ሄዶ፣ ዝናብ እየመታው፣ ቆሞ ያያል። ያ ፍጻሜ ባለፈ በቀናት ውስጥ የኛው ሰፈር ክለብ ፉትስክሬይ በገንዘብ እጦት ከፊትዝሮይ ጋር ሊዋሃድ ነው ተባለ። ነዋሪው በር ለበር እየዞረ፣ ቆርቆሮ እያንቀጫቀጨ ገንዘብ ለቃቀመና ክለቡን አተረፈው። ይህን ሲያወሩልኝ ድምፃቸው ይለወጣል። እውነት ለመናገር ብሬርተን ሲወድቅ ካየሁት ይልቅ ይሄ ነው ውስጤን የሚነካው። እኛ ሐበሾችም በብዛት የምንኖረው እዚሁ ፉትስክሬይ ነው፤ ሰፈራችን እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳለው ልጆቻችን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ወንዶቹ ትልልቅ ስታዲየም ገብተዋል። ዊተን ኦቫል፣ የድሮው ሜዳቸው ላይ፣ አሁን የክለቡ ሴቶች ይጫወታሉ። ግጭታቸውም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወቅታቸው ሲጀምር ጎረቤቴን ይዣቸው እሄዳለሁ። ከቤታችን በእግር ነው።