ደማቅ ቀሚስሽን ለእህትሽ አትስጪ

«እትዬ፣ እዚያ የሚለበሰው ጥቁር ብቻ ነው አሉ። ቀሚሶቼን ለእህቴ ሰጥቻት ልሂድ?»

እኛ ሰፈር ፉሪ፣ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሪያድ የምትነሳ ልጅ ሁሉ ይህን ትጠይቀኛለች። ስለ ሥራው ብዛት፣ ስለ እንቅልፍ ማጣቱ አይጠይቁኝም። ሻንጣቸው ውስጥ ቀይና ቢጫ ከተገኘ ከአየር ማረፊያ የሚመልሷቸው ይመስላቸዋል። ደላላውም «ጥቁር አባያ (ከልብስ ላይ የሚደረበውን ረጅም ሰፊ ቀሚስ) ሳትገዢ እንዳትሄጂ» እያለ ያስፈራራቸዋል። እኔንም እንዲሁ ብለውኝ ነው የሄድኩት።

እውነቱን ልንገራችሁ። መጋቢት 2010 ዓ.ም. የሳዑዲው አልጋ ወራሽ መሐመድ ቢን ሰልማን ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲናገሩ፣ ሕጉ ሴቶች ጨዋና የተከበረ ልብስ እንዲለብሱ እንጂ የግድ ጥቁር አባያ እንዲለብሱ አያዝም ብለዋል። ያም ሆኖ መንገድ ላይ የሚበዛው ጥቁር ነው። ከአሠሪዎቻችሁ ቤተሰብ ጋር ስትወጡ አባያ ትደርባላችሁ፤ ይለመዳል። እኔ አባያን አልጠላም። ከላይ ጣል አድርጎ መውጣት ነው። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነገር ነው።

የአረፋ ዕለት ነው። እናቴ በሰው የላከችልኝ ብርቱካንማ ቀሚስ ነበረኝ፤ እዚሁ ፉሪ ያሰፋችው። እጅጌው አንጓዬ ድረስ ይመጣል፣ ጫፉ ቁርጭምጭሚቴን ይሸፍናል፣ ወገብ ላይ አይጣበቅም። ጨርቁ ሳሳ ስለሚል ሙሉ ገበር አስገብታበታለች፤ ፀሐይ ላይ ብቆም እንኳ ገላዬ አይታይም። አንገቱ ዙሪያ አረንጓዴ ጥልፍ አለው። ከጥልፉ ጋር የሚሄድ ሻሽ አሰርኩና ቡናና ተምር ይዤ ሴቶቹ ወደተቀመጡበት ሳሎን ገባሁ።

አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ትሪውን እስካስቀምጥ ጠብቃ እጄን ጨበጠችኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ «ኢድ ሙባረክ» አለችኝ። አጠገቧ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። እንግዳ መስያታለሁ።

የአሠሪዬ፣ የማዳም፣ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። ወጥ ቤት ጠርታ «ሂጂ ዩኒፎርምሽን ልበሺ፤ አንቺ እንግዳ ነሽ?» አለችኝ። ግራጫውን ዩኒፎርም ለብሼ ተመለስኩ። ያችው ሴትዮ ስኒውን ስትቀበለኝ ቀና ብላም አላየችኝ።

እዚያ ሳሎን ውስጥ አባያቸውን አውልቀው ቀይ፣ ወርቅማ፣ ሰማያዊ ለብሰው የተቀመጡ ሴቶች ሞልተዋል። ክንዳቸውም አንገታቸውም ይታያል። ሴት ለሴት ስለሆነ ነውር የለውም። ግን ከእኔ የበለጠ የተሸፈነች አንዲትም አልነበረችም። ማዳም የተቆጣችው ስለ ጨዋነት ቢሆን ኖሮ ምንም አልልም ነበር። ቀሚሴ ሠራተኛ አላስመሰለኝም፤ የተቆጣችው በዚህ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያሠራኝ ይኸው ቤተሰብ መካ ድረስ ለዑምራ ጉዞ ይዞኝ ሄዷል፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ወንዱ ሁሉ ነጩን የጉዞ ልብስ፣ ኢሕራሙን፣ ለብሷል። ለሴት ግን የተወሰነ ቀለም የለም። የምዕራብ አፍሪካ ሴቶች ትልልቅ አበባ ባለበት ሰፊ ጨርቅ ተሸፍነው ካዕባን ሲዞሩ አየሁ። የተናገራቸው አልነበረም። መካ ላይ ያልተከለከለውን ቀለም ማዳም በምን ሥልጣኗ ነው ሳሎኗ ላይ የከለከለችኝ?

እኛም ብንሆን ሰው አናስለብስም። በጥቁር አባያ ስመለስ ሰፈሩ «ማሻ አላህ፣ ጨዋ ሆና መጣች» አለ፤ በዚያው አፉ ስንት ብር ይዤ እንደመጣሁ ይገምት ነበር። ቢጫ ለብሼ ስወጣ ደግሞ አክስቴ «በዚህ ዕድሜሽ?» ትለኛለች። እሷ ራሷ ወሎ ነው ያደገችው፤ ቀይ ሻሽ አስረው፣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው ገበያ በሚወጡ እናቶች መሃል። እነሱን ጨዋ አይደሉም ያላቸው ማን ነው? ክርስቲያኗ ጎረቤቴ ትሻለኛለች። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለች ልበሺ ትለኛለች።

የምትሄዱ ልጆች፣ አንድ ደማቅ ቀሚስ ያዙ። ሰፊ ይሁን፣ ገበር ይኑረው፣ እጅጌው ይርዘም። በተጣበቀ ልብስ እልህ አትጋቡ፤ ሰበብ ትሰጧቸዋላችሁ። ደላላ «የአባያ» ብሎ ብር ሲጠይቃችሁ አትክፈሉ፤ አባያ እዚያ በየሱቁ ሞልቷል። የቪዛውና የደርሶ መልስ ትኬቱ ወጪም በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 መሠረት የአሠሪው ነው። ፓስፖርታችሁን አሠሪ ይዞ ማስቀረት የለበትም፤ የሳዑዲ ሕግም ይከለክላል። ውሉን ስትፈርሙ ደግሞ የሳምንት ዕረፍቱን ፈልጋችሁ አንብቡ። ዩኒፎርም የሥራ ሰዓት ልብስ ነው፤ በዕረፍት ቀናችሁ ምን እንደምትለብሱ ማዳም ልትመርጥላችሁ አይገባም። ዕረፍት የሚባል የለም ካለቻችሁ ለላካችሁ ኤጀንሲ በስልክ ብቻ አትንገሩ፤ በጽሑፍ ላኩ፣ የላካችሁትንም አታጥፉት።